«ኮፒ ተደርጓል» ብሎ ያመነው ከርነል፦ የደርቲ ካው ጉዳይ

ፊል ኦስተር የሚባል የሊኑክስ ባለሙያ አንድ ልማድ ነበረው። ወደሚያስተዳድራቸው ሰርቨሮች የሚገባውን የኤችቲቲፒ ትራፊክ በሙሉ ቀድቶ ያስቀምጣል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ቅንጦት ነው የሚያየው። ዲስክ ይበላል፣ አብዛኛውም ተመልሶ አይታይም። በ2016 ግን ከሚያስተዳድራቸው ሳይቶች አንዱ ተሰበረ። አጥቂው ሰርቨሩ ላይ ጭኖ ያስኬደውን ፕሮግራም ኦስተር ከተቀዳው ትራፊክ ውስጥ መዝዞ አወጣው። ተነጥሎ በተዘጋ ማሽን ላይ ሞከረው። ምንም ሥልጣን የሌለው ተራ ተጠቃሚ በሰከንዶች ውስጥ ሩት፣ ማለትም ሁሉ የተፈቀደለት አስተዳዳሪ፣ ሆኖ አረፈው።

ቀዳዳው በደኅንነት ቀዳዳዎች መዝገብ ላይ ሲቪኢ-2016-5195 የሚል ቁጥር ተሰጠው። ሰዉ የሚያውቀው ግን ደርቲ ካው በሚለው ስሙ ነው። ኦክቶበር 19 ቀን 2016 ይፋ ሆነ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። በማግስቱ የተስተካከሉት የከርነል (የሊኑክስ እምብርት የሆነው ፕሮግራም) ስሪቶች ወጡ፦ 4.8.3፣ 4.7.9 እና 4.4.26። የተጋለጡት ስሪቶች ከ2.6.22 ጀምሮ ያሉት ናቸው። 2.6.22 የወጣው በ2007 ነው። በሩ 9 ዓመት ክፍት ቆይቷል ማለት ነው።

ስለ ደርቲ ካው ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው «ቶሎ ፓች አድርጉ»፣ ማለትም ማስተካከያውን ጫኑ፣ የሚል ነበር፤ ልክም ነበር። እኔን የሚገርመኝ ሌላው ነገር ነው። ስህተቱ አዲስ አልነበረም። የሊኑክስ ፈጣሪ ሊኑስ ቶርቫልድስ ራሱ ከዚያ 11 ዓመት ቀድሞ አይቶታል፣ ለማስተካከልም ሞክሯል፤ ማስተካከያው ግን ወዲያው ተነሳ። በ2016 ከተዘጋ በኋላ ደግሞ ሁለት ጊዜ መልኩን ቀይሮ ተመልሷል። ነገሩ ሁሉ የሚዞረው በአንድ ጉዳይ ላይ ነው፦ ከርነሉ አንድ ሥራ መሠራት አለመሠራቱን በቀጥታ አይጠይቅም፤ ከሌላ ምልክት ተነስቶ ይገምታል።

ሽሚያው

ሬስ ኮንዲሽን (ሽሚያ) የሚባለው ሁለት ሥራዎች ጎን ለጎን ሲሄዱ ውጤቱ «ማን ቀደመ» በሚለው ላይ ሲንጠለጠል ነው። ተራ ፕሮግራም ውስጥ ሲከሰት ፕሮግራሙ ይበላሻል ወይም ይዘጋል። ከርነል ውስጥ ሲሆን ነገሩ ይከፋል። ፈቃድ ሰጪው ከርነሉ ነውና። ፈቃዱን ባየበትና ሥራውን በሠራበት ቅጽበት መሃል ሌላ እጅ ከገባ፣ ለአንዱ ነገር የተሰጠው ፈቃድ ለሌላው ይውላል። «እንዲህ ዓይነት መገጣጠም በሚሊዮን አንዴ ነው» ማለትም ብዙ አያጽናናም። አጥቂው ሚሊዮን ጊዜ መሞከር ይችላል። ኮምፒውተሩ አይሰለችም፤ አንዴ ከተሳካለትም በቂው ነው።

አሁን ወደ ራሱ ጉዳይ። ሁለት ነገሮችን መያዝ ያስፈልጋል።

አንደኛው ፔጅ ካሽ ነው። አንድ ፋይል ሲነበብ ከርነሉ ይዘቱን ከዲስክ ወደ ሜሞሪ ያመጣዋል። የሚያመጣው በገጽ በገጽ ነው፤ አንዱ ገጽ በተለመዱት ማሽኖች ላይ 4 ኪሎባይት ነው። ያንን ፋይል የሚያነብ ሁሉ ያንኑ አንድ ገጽ ይጋራል። ሩትም ያነበው፣ እኔም ላንብበው፣ ሜሞሪ ላይ ያለው አንድ ነው። ስለዚህ ያ ገጽ ከተነካ ለሁሉም ተነካ። ከርነሉ ወደ ዲስክ ከጻፈው ደግሞ ፋይሉ ራሱ ተለወጠ ማለት ነው።

ሁለተኛው ኮፒ ኦን ራይት ነው። አንድ ፕሮግራም ፋይሉን «ለግሌ» ብሎ ሜሞሪው ላይ መዘርጋት ይችላል። ማንበብ ብቻ እስከሆነ ድረስ የጋራውን ገጽ ያያል። መጻፍ ሲፈልግ ከርነሉ የዚያን ገጽ ኮፒ ሠርቶ ይሰጠዋል። እሱ ኮፒው ላይ እንደፈለገ ይጽፋል፤ የጋራው አይነካም። ሜሞሪ ለመቆጠብ የተፈጠረ ጥሩ ዘዴ ነው። የደርቲ ካው «ካው»ም የመጣው ከዚሁ ስም የእንግሊዝኛ መነሻ ፊደላት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ልዩ መግቢያ አለ። ሊኑክስ የእያንዳንዱን ፕሮግራም ሜሞሪ እንደ ፋይል ያቀርባል። /ፕሮክ/ሰልፍ/ሜም ይባላል። በዚህ በኩል ሲጻፍ ከርነሉ «ይህ ቦታ ለንባብ ብቻ ነው» የሚለውን ክልከላ አልፎ ይሄዳል። እብደት ይመስላል፤ ምክንያት ግን አለው። ዲበገር የሚባሉት መሣሪያዎች የፕሮግራሙን ኮድ መሃል ላይ ለማስቆም፣ ለንባብ ብቻ የተፈቀደ ቦታ ላይ መጻፍ አለባቸው። ከርነሉ የሚፈቅድላቸው በአንድ መተማመኛ ነው፦ ቦታው የግል እስከሆነ ድረስ በጉልበት የሚጻፈው ሁሉ ኮፒው ላይ ያርፋል፣ ዋናው ፋይል ላይ በፍጹም አይደርስም። ደርቲ ካው ያፈረሰው ይህንን መተማመኛ ነው።

ዙር በዙር

ከርነሉ ውስጥ ጌት ዩዘር ፔጅስ የሚባል ፈንክሽን አለ። የአንድን ፕሮግራም ገጽ ፈልጎ ለከርነሉ ያስረክባል። የሚሠራው በዙር ነው። መጀመሪያ የትኛው ገጽ ሜሞሪ ላይ የት እንዳለ የሚመዘግበውን የገጽ ሠንጠረዥ ያያል። ገጹን ካጣው፣ ወይም ለመጻፍ ፈልጎ ገጹ የማይጻፍበት ከሆነ፣ ፔጅ ፎልት ያስነሳል፤ ማለትም ገጹ እንዲዘጋጅለት ይጠይቃል። ከዚያ እንደገና ያያል። እስኪያገኝ እንዲህ ይዞራል። በየዙሩ መሃል ደግሞ ፕሮሰሰሩን ለሌላ ሥራ ሊለቅ ይችላል።

አጥቂው የሩት የሆነ ፋይል ይመርጣል። የሚያስፈልገው የማንበብ ፈቃድ ብቻ ነው። የተጠቃሚዎች ዝርዝር ያለበት /ኢቲሲ/ፓስውድ ማንም የሚያነበው ፋይል ስለሆነ ምቹ ነው። ፋይሉን ለግሉ ይዘረጋዋል። ከዚያ ሁለት ትሬድ (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሥራዎች) ያስነሳል። አንደኛው በ/ፕሮክ/ሰልፍ/ሜም በኩል በተዘረጋው ቦታ ላይ ሳያቋርጥ ይጽፋል። ሁለተኛው ማድቫይዝ በሚባለው ጥሪ «ይህ ቦታ አያስፈልገኝም፣ ያለውን ጣልልኝ» እያለ ሳያቋርጥ ይጠይቃል።

በመጀመሪያው ዙር ሠንጠረዡ ባዶ ነው። ጥያቄው የመጻፍ ስለሆነ ከርነሉ ደንቡን ተከትሎ ኮፒ ይሠራል። ሠንጠረዡ ወደ ኮፒው እንዲያመለክት ይደረጋል። ነገር ግን የተዘረጋው ቦታ ለንባብ ብቻ የተፈቀደ ነውና ኮፒውም «አይጻፍበትም» የሚል ምልክት እንደያዘ ይቀመጣል።

በሁለተኛው ዙር ፈንክሽኑ ኮፒውን ያገኛል፤ ምልክቱን አይቶ ግን ይመለሳል። እንደገና ፔጅ ፎልት። ከርነሉ ያጣራል፦ ኮፒው ተሠርቷል፣ የብቻችን ነው፣ ሌላ የሚደረግ ነገር የለም። እዚህ ላይ ችግር አለ። እንዲሁ ከተተወ ፈንክሽኑ ዕድሜ ልኩን ይዞራል፤ ኮፒው መቼም ቢሆን «ይጻፍበታል» አይባልምና። ስለዚህ የከርነሉ ሰዎች አንድ ዘዴ ዘየዱ። ኮፒው ከተሠራ በኋላ ጥያቄው ላይ ያለውን «መጻፍ ነው የምፈልገው» የሚል ምልክት ያነሱታል። ከዚህ በኋላ ፈንክሽኑ እንደ ተራ አንባቢ ሆኖ ይፈልጋል፤ ኮፒው ያለችግር ይሰጠዋል።

በሦስተኛው ዙር ኮፒውን ያገኛል፣ ያስረክባል፣ ይጻፍበታል። ሁሉ ሰላም።

አሁን በሁለተኛውና በሦስተኛው ዙር መሃል ሁለተኛው ትሬድ ይግባ። ማድቫይዝ ኮፒውን ይጥለዋል። ሠንጠረዡ ባዶ ይሆናል። ፈንክሽኑ ይመለሳል፣ ያያል፣ የለም። ፔጅ ፎልት ያስነሳል። ጥያቄው ግን አሁን የመጻፍ አይደለም፤ ምልክቱ ተነስቷል። ለከርነሉ የሚታየው አንድ አንባቢ ነው። ለአንባቢ ደግሞ ኮፒ አይሠራም፤ የጋራው የፔጅ ካሽ ገጽ ራሱ ይሰጠዋል። ፈንክሽኑም ያንን ገጽ ተቀብሎ፣ መጀመሪያውኑ ለመጻፍ ለመጣው ጠሪ ያስረክባል። ጠሪው ይጽፋል። የሩት ፋይል ተለወጠ።

ልብ በሉ፣ የትኛውም እርምጃ ብቻውን ሲታይ ስህተት የለበትም። ኮፒ ሲያስፈልግ ኮፒ ተሠርቷል። አንባቢ ሲመጣ የጋራው ገጽ ተሰጥቷል። እንዲጣል የተጠየቀው ኮፒ ተጥሏል። ችግሩ «ኮፒው አለ» የሚለው እውነት የተያዘው በአንድ ምልክት አለመኖር መሆኑ ነው። ኮፒው ሲጣል ያንን ምልክት የሚመልሰው የለም።

ቁልፍ አልነበረም?

ነበር። ቁልፍ (ሎክ) የሚባለው ሁለት ሥራዎች አንድን ነገር በአንድ ጊዜ እንዳይነኩ የሚጠብቀው ነው። ይህ ነው ሰውን የሚያደናግረው። የገጽ ሠንጠረዡ በተነካ ቁጥር ቁልፉ በአግባቡ ይያዛል። ከዚያ በላይ ደግሞ የፕሮግራሙን ሜሞሪ በሙሉ የሚጠብቅ ትልቅ ቁልፍ አለ። ሁለቱም ትሬዶች ያንን ቁልፍ ይይዙታል። ግን የሚይዙት በንባብ መልኩ ነው። የንባብ ቁልፍ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ሊይዘው ይችላል። ሁለቱ አይጠባበቁም፤ ጎን ለጎን ይሄዳሉ።

ማድቫይዝ ይህንን ቁልፍ ቀድሞ የሚይዘው በጽሑፍ መልኩ፣ ማለትም ብቻውን ነበር። በ2007 ለፍጥነት ሲባል ላላ። ብዙ ትሬድ ያላቸው ፕሮግራሞች ሜሞሪ በመለሱ ቁጥር እርስ በርስ መጠባበቃቸው ያዘገይ ነበርና ለውጡ ተገቢ ነበር። የገባውም በስሪት 2.6.22 ላይ ነው። የደርቲ ካው ዕድሜ የሚቆጠረው ከዚያ ስሪት መሆኑ አሁን ግልጽ ይመስለኛል።

በነገራችን ላይ፣ ዛሬ ከርነሉ ውስጥ ኬሲሳን የሚባል የሽሚያ ጠቋሚ አለ። በ2020 ከስሪት 5.8 ጋር ገባ። ብዙ ስህተት ይይዛል፤ እንዲህ ዓይነቱን ግን ለመያዝ አልተሠራም። ኬሲሳን የሚፈልገው ሁለት ፕሮሰሰሮች አንድን የሜሞሪ ቦታ ያለቁልፍ ሲነካኩ ነው። እዚህ እያንዳንዱ መንካት በቁልፍ ነው። የተሰበረው ቁልፎቹ ከተለቀቁ በኋላ የቀረው እምነት ነው። «መሣሪያ ገዝተን እናስሮጥበት» የሚል አለቃ ያለው ሰው ይህችን ያስታውሳት።

2005

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነውና ወደ ኋላ እንመለስ። በኦገስት 2005 ቶርቫልድስ ይህ ፈንክሽን ውስጥ ሽሚያ እንዳለ አየ። ለመጻፍ የመጣ ጥያቄ እውነት ኮፒ እንዳገኘ የሚያረጋግጥበትን መንገድ ጻፈ። ያሰበው ደርቲ ቢት የምትባለዋን ምልክት ማየት ነው። ደርቲ ቢት በገጽ ሠንጠረዡ ላይ ያለች ምልክት ስትሆን «ይህ ገጽ ተጽፎበታል» ትላለች። ኮፒ ሲሠራ ቢቷ ትበራለች። ለአንባቢ የተሰጠ የጋራ ገጽ ላይ ግን አትበራም።

ሐሳቡ ኤስ390 ላይ ሲደርስ ተሰናከለ። ኤስ390 የአይቢኤም ሜይንፍሬም አርክቴክቸር ነው። በዚያ ማሽን ላይ ያኔ ደርቲ ቢት ሠንጠረዡ ላይ አትቀመጥም፤ ከራሱ ከፊዚካል ገጹ ጋር ነው የምትያዘው። ስለዚህ ማጣሪያው እዚያ ሊሠራ አልቻለም። የቶርቫልድስ ማስተካከያ በቀናት ውስጥ ተነሳ። በምትኩ የገባው ከላይ ያየነው ዘዴ ነው፦ ኮፒው ከተሠራ የመጻፍ ምልክቱን አንሳ።

ማንንም አልወቅስም። ያኔ ሽሚያው በወረቀት ላይ ብቻ ያለ ነበር። ኮምፒውተር ላይ ሲደርስ ያየው የለም። በሌላ በኩል የሜይንፍሬሙ ችግር ግን ዛሬ፣ አሁን፣ የሚታይ ነበር። እንዲህ ዓይነት ምርጫ ሲመጣ ሁላችንም ወዴት እንደምናዘነብል የታወቀ ነው። የኤስ390 ጉዳይ ራሱ በስሪት 3.9፣ በ2013 ተፈታ። ያኔ ግን ወደ አሮጌው ሐሳብ ተመልሶ «አሁን እንኳ ይቻላል» ያለ ሰው አልነበረም። ሦስት ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ቶርቫልድስ በ2016 ማስተካከያውን ሲያስገባ መግለጫው ላይ ይህንን በግልጽ ጻፈው። ስህተቱ ጥንታዊ መሆኑን፣ ራሱ ከ11 ዓመት በፊት ሞክሮ በደንብ እንዳላስተካከለው፣ የሜሞሪ አስተዳደሩ በብዙ ፕሮሰሰር ላይ ይበልጥ እየፈጠነ ሲሄድ ያኔ የወረቀት ብቻ የነበረው ሽሚያ ለመቀስቀስ እየቀለለ መምጣቱን። ከጠበቃ ጋር ተማክረው ከሚጻፉት የኩባንያ መግለጫዎች አጠገብ ሲቀመጥ ደስ ይላል።

ማስተካከያው ራሱ ከ20 መስመር አይበልጥም። የመጻፍ ምልክቱ ከእንግዲህ አይነሳም። በምትኩ «ኮፒ ተሠርቷል» የምትል አዲስ ምልክት፣ ፎል ካው፣ ጥያቄው ላይ ትታከላለች። ፈንክሽኑ ለንባብ ብቻ የሆነ ገጽ ላይ በጉልበት የሚጽፈው ፎል ካው ኖራ ገጹም ደርቲ ሲሆን ብቻ ነው። ማድቫይዝ መሃል ገብቶ ኮፒውን ከጣለው፣ ጥያቄው አሁንም የመጻፍ ነውና አዲስ ኮፒ ይሠራለታል። የጋራው ገጽ በሌላ መንገድ ቢመጣ እንኳ ደርቲ ስላልሆነ አይታለፍም። ደርቲ ቢትን እዚህ ላይ ያዙልኝ፤ እንመለስባታለን።

ጉዳቱ

አጥቂው ያገኘው አቅም ጠባብ ግን ስለታም ነው። ፋይሉን ማስረዘም አይችልም። ያለው ባይት ላይ ሌላ ባይት መደረብ ብቻ ነው የሚችለው። ግን ያ ይበቃል። /ኢቲሲ/ፓስውድ ላይ የራሱን መለያ ቁጥር 1000 የነበረውን 0000 ካደረገው፣ ርዝመቱ አልተለወጠም፤ ቀጥሎ ሲገባ ግን ሩት ነው። ሌሎች ደግሞ ማንም ሲያስነሳው በሩት ሥልጣን የሚሠራ ፕሮግራም ላይ የራሳቸውን ኮድ ደረቡበት።

ኮንቴይነር (ፕሮግራሞችን ከሌላው አጥሮ የሚያስኬድ ዘዴ) ውስጥ ያለ ሰው «እኔ ታጥሬያለሁ» ሊል ይችላል። ከርነሉ ግን አንድ ነው። ቪዲኤስኦ የምትባል ትንሽ የኮድ ቁራጭ አለች፤ ከርነሉ ሰዓትን የመሰሉ ጥሪዎች እንዲፈጥኑ ለሁሉም ፕሮግራም ያድላታል። ሁሉም የሚያዩት ያችኑ አንዷን ገጽ ነው። ከኮንቴይነሩ ውስጥ እሷን መለወጥ ማለት፣ ከኮንቴይነሩ ውጭ ያለ የሩት ፕሮግራም ሰዓት ሲጠይቅ የአጥቂውን ኮድ እንዲያስኬድ ማድረግ ነው። ይህ በተግባር ታይቷል።

ዱካውስ? የለም ማለት ይቻላል። የተደረገው ሁሉ ተራ ተጠቃሚ የተፈቀደለት ጥሪ ነው፦ ፋይል መክፈት፣ መዘርጋት፣ የራሱን ሜሞሪ መጻፍ። ሎግ (የማሽኑ የክንውን መዝገብ) ውስጥ ደርቲ ካውን መፈለግ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ነው። እርግጥ እዚህ ላሟ ውላለች፤ ኩበቱን ግን አልተወችም። ኦስተርን ያዳነው ትራፊኩን ከውጭ ቀድቶ ማስቀመጡ ነው። የተሰበረ ማሽን ስለራሱ የሚናገረውን ማመን አይቻልም።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ አንድ የውሸት እፎይታ ነበር። ሬድ ሃት የተባለው ኩባንያ በሚያወጣው ሬድ ሃት ኢንተርፕራይዝ ሊኑክስ 5 እና 6 ላይ /ፕሮክ/ሰልፍ/ሜም ለመጻፍ አይከፈትም። ስለዚህ ከመስክ የተያዘው ፕሮግራም እነሱ ላይ አይሠራም። «ተርፈናል» ያለ ነበር። አልተረፈም። ያው ፈንክሽን በፒትሬስም በኩል ይደረስበታል፤ ፒትሬስ ደግሞ ዲበገሮች የሚጠቀሙበት ሌላው ጥሪ ነው። ወዲያው በዚያ መንገድ የሚሠራ ፕሮግራም መጣ። በሩ አንድ ነበር፤ የሚወስዱት መንገዶች ሁለት።

ማሽኑን አጥፍቶ ማስነሳት ለማይችል ሬድ ሃት የሲስተምታፕ (እየሠራ ባለ ከርነል ላይ ጣልቃ የሚገባ መሣሪያ) ስክሪፕት አወጣ። በሜም የሚመጣውን ጽሑፍ ያመክናል፤ የፒትሬስ ጥሪዎችንም በሙሉ ያበላሻል። ስለዚህ ስክሪፕቱ እስካለ ድረስ ዲበገር አይሠራም። ፕሮዳክሽን ሰርቨር ላይ ዲበገር ማጣት ብዙም አይጎዳም፤ ጥሩ ግብይት ነበር።

ስልኮቹ ላይ ግን ነገሩ ተጓተተ። አንድሮይድ የሚሠራው በሊኑክስ ከርነል ነው፤ ፓች የሚደርሰው ግን በስልኩ አምራች በኩል ነው። ብዙ ስልክ ጭራሽ አልደረሰውም። በሴፕቴምበር 2017፣ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ ትሬንድ ማይክሮ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ዝኒዩ የሚባል ማልዌር (ጎጂ ፕሮግራም) አገኘ። ደርቲ ካውን ተጠቅሞ ስልኩን ሩት ያደርጋል። ከ1,200 በላይ አፖች ውስጥ ተደብቆ ከ40 በላይ አገሮች ውስጥ ተገኘ።

ደርቲ ቢት ስትዋሽ

አሁን ወደያዝናት ቢት እንመለስ። የ2016ቱ ማስተካከያ የቆመው በአንድ ግምት ላይ ነው፦ ለንባብ ብቻ የሆነ ገጽ ደርቲ ከሆነ ኮፒ ነው። ደርቲ ቢት ግን «ኮፒ ነኝ» ልትል አልተፈጠረችም። ሥራዋ «ተጽፎብኛል፣ ወደ ዲስክ ውሰዱኝ» ማለት ነው። እግረ መንገዷን ነው ሌላውን የምትመሰክረው። ሌላ ሰው በሌላ ምክንያት ካበራት ምስክርነቷ ውሸት ይሆናል።

ኖቬምበር 2017 ላይ ይኸው ሆነ። ሊኑክስ ከ4 ኪሎባይቱ ሌላ 2 ሜጋባይት የሚሆኑ ትልልቅ ገጾች አሉት። ያው ማጣሪያ ለእነሱም ተጽፎ ነበር። እነሱ በሚታለፉበት አንድ ቦታ ላይ ግን ገጹ ለንባብ ብቻ ቢነካም ደርቲ ቢት እንዲሁ ትበራ ነበር። ቢንዴሲ የተባለ የደኅንነት ድርጅት ተመራማሪዎች አዩት። ሂዩጅ ደርቲ ካው ተባለ፤ ሲቪኢ-2017-1000405። ጉዳቱ ከመጀመሪያው ያነሰ ነበር፤ ተራ ፋይል ላይ አይደርስም። ግን ሁሉም ፕሮግራሞች የሚጋሩት፣ ዜሮ ብቻ የተሞላ ትልቅ ገጽ አለ። እሱ ላይ መጻፍ ተቻለ። ዜሮ አገኛለሁ ብሎ የሚያነብ ፕሮግራም ሌላ ነገር ሲያገኝ ምን እንደሚሆን መገመት አይከብድም።

በ2022 ደግሞ ሦስተኛው መጣ፤ ሲቪኢ-2022-2590። ከስሪት 5.16 ጀምሮ፣ ዩዘርፎልትኤፍዲ በሚባለው (ፕሮግራም ፔጅ ፎልትን ራሱ በሚያስተናግድበት) መንገድ የሚገቡ የጋራ ሜሞሪ ገጾች ላይ ደርቲ ቢት ሁልጊዜ እንዲበራ ተደረገ። ለዚያ ሥራ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ያንን የጻፈ ሰው ሌላ ቦታ ላይ ያለ ማጣሪያ በዚያች ቢት እንደሚተማመን እንዴት ያውቃል? የትም አልተጻፈም። ስለዚህ ለንባብ ብቻ የሆነ የጋራ ገጽ ደርቲ ሆኖ ተገኘ፤ ማጣሪያውም ኮፒ ነው ብሎ አሳለፈው። የተጎዱት ሜሞሪ ላይ ብቻ የሚኖሩ የቲኤምፒኤፍኤስ ፋይሎች ናቸው።

(ያው በ2022 ደርቲ ፓይፕ የሚባልም ነበር። ስሙና ውጤቱ ስለሚመሳሰል ሰው ያምታታዋል። እሱ ሽሚያ የለበትም፤ በደንብ ያልጸዳ ምልክት ነው ጉዱ። ለአጥቂውም የባሰ የተመቸ ነበር።)

የሦስተኛው ማስተካከያ ግን ከቀደሙት ይለያል። የሬድ ሃቱ ዴቪድ ሂልደንብራንድ ፎል ካውን ጨርሶ አወጣት። በደርቲ ቢት መገመትም ቀረ። ከርነሉ አሁን ገጹን ራሱን ነው የሚጠይቀው፦ የማንም ፋይል ያልሆንክ ገጽ ነህ? ደግሞስ የዚህ ፕሮግራም የብቻው ነህ? ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ የምትሰጥ ራሷን የቻለች ምልክት በዚያው ዓመት ቀድማ ገብታ ነበር። ጥያቄው በ2005 የተነሳው ያው ነው። በቀጥታ ለመጠየቅ 17 ዓመት ፈጀ።

የቀረው መግቢያው ነው። /ፕሮክ/ሰልፍ/ሜም ክልከላን አልፎ የመጻፍ አቅሙ ዛሬም አለ፤ ዲበገሮቹ ይፈልጉታልና። በ2024 መጨረሻ የወጣው ስሪት 6.12 ግን ማሽኑ ሲነሳ በሚሰጥ ትእዛዝ ይህንን አቅም መገደብ አስችሏል። ለዲበገሮች ብቻ መተው ይቻላል፤ ጨርሶ መዝጋትም ይቻላል። ካልተነካ የቆየው አሠራር ይቀጥላል። ዲበገር የማይነሳበት ሰርቨር ያለው ሰው የሚዘጋበት ምክንያት እንጂ የማይዘጋበት ምክንያት አይታየኝም።